ጄምስ ለኢትዮጵያ ልዝመት ማለቱ የእርጅና ወሬ አይደለም

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የሚያወራው በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ለንደን ተቀምጠው ስለኛ ይጮኹ ስለነበሩ ጥቁር ግራ ዘመሞች ነው፤ በተለይም ስለ ትሪኒዳዱ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ። የጸሐፊው ክስ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ጄምስ «ለኢትዮጵያ ልዝመት ብዬ ነበር» ማለቱ በስተርጅና የፈጠረው የጀግንነት ወሬ ነው። እሱም ጓደኞቹም የሞስኮ ተላላኪዎች ነበሩ። በለንደን ደግሞ የሚዘውሯቸው ነጮቹ ሶሻሊስቶች ነበሩ። ጃንሆይን ይጠሉ ስለነበር ኢትዮጵያን ወደዱ ሊባል አይችልም። ለማንኛውም ከጩኸት በቀር ያተረፉልን ነገር የለም።

ጸሐፊው ብዕራቸው የሰላ ነው፤ ስድብ አላበዙም፣ አማርኛቸውም ያምራል። ብዙ ሰው አምኗቸው ያለፈውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔን ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ፣ ከክሶቹ አብዛኞቹ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሲተያዩ የሚወድቁ መሆናቸው ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ በኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።)

ከትዝታው ልጀምር፤ ጸሐፊው ትልቁን ሸክም የጫኑት እሱ ላይ ነውና። ጄምስ በሰማንያዎቹ ዕድሜው ብሪክስተን፣ ሬይልተን መንገድ ላይ ካለች ክፍሉ ሳይወጣ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ያለፈ ዘመኑን ሲተርክ ነበር ይላሉ፤ ሰው ሲያረጅ ደግሞ የወጣትነቱን ታሪክ ማሳመሩ አይቀርም። የመጀመሪያው እውነት ነው። ቁጥር 165 ግድግዳ ላይ ዛሬ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ ጄምስ እዚህ ኖረ፣ እዚህም ሞተ ይላል። የሞተው በ1989 ነው። ሁለተኛውም አያከራክረንም፤ ሽማግሌ ሲያወራ ቅመም መጨመሩ ያለ ነው። ነገር ግን የዘመቻው ወሬ የተወለደው እዚያ ክፍል ውስጥ አይደለም።

ጄምስ ይህን ነገር በአደባባይ ያወጣው በ1936 ነው፤ ዕድሜው 35 ነበር። በጁን መጀመሪያ፣ ኢንዲፔንደንት ሌበር ፓርቲ የተባለው የእንግሊዝ ሶሻሊስቶች ፓርቲ ልሳን በነበረው ኒው ሊደር ጋዜጣ ላይ በገዛ ስሙ ደብዳቤ አወጣ። ጊዜውን ልብ ይሏል። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ወሩ ነው። ጃንሆይ ከባቡር ወርደው ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ የታዩት በዚያው ሰሞን፣ ጁን 3 ቀን ነው። ጄምስ ልዝመት ብሎ ያነጋገራቸው፣ በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም እዚያው ለንደን አሉ። በዚህ ላይ ጋዜጣውን የሚያነቡት የፓርቲው ሰዎች ገና ከሁለት ወር በፊት በዚሁ በኢትዮጵያ ጉዳይ ከጄምስ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቀው ነበር (እመለስበታለሁ)። ውሸቱን ነው ብሎ ሊያሳፍረው የሚመኝ ሰው ሞልቶ በነበረበት ከተማ፣ ምስክሩ በሕይወት እያሉ፣ ሰው ተረት ፈጥሮ ጋዜጣ ላይ አያወጣም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የሰጠው ምክንያት ነው። ጥቁር ወንድሞቼ ሲጨፈጨፉ ልቤ አልቻለም ብሎ አላለቀሰም። ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ምሽግ ለምሽግ ብውል ሶሻሊዝምን ለመስበክ ከዚያ የተሻለ ዕድል አላገኝም፣ የውጊያውም ልምድ ለአፍሪካ አብዮት ይጠቅመኛል ነው ያለው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ልቀመጥ አላሰብኩም ሲልም አልደበቀም። እስቲ እንፍረድ፤ ለኢትዮጵያውያን ራሱን ሊያሳምር የፈለገ ሰው «ጦራችሁ ውስጥ ገብቼ ወታደሮቻችሁን ላነቃቃ ነበር ያሰብኩት» ይላል? የጃንሆይ ባለሟሎች ይህን ቢያነቡ ደስ እንደማይላቸው ለማወቅ ብዙ ብልሃት አይጠይቅም። ያሳመረ ሳይሆን ሳይለሳለስ የተናገረ ነው የሚመስለኝ።

ሐኪም ወርቅነህ የሰጡት መልስም ከሰውየው ጋር ይሄዳል። መቅደላ በ1868 ሲወድቅ ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው ሕንድ አሳደጓቸው፣ ስማቸውንም ቻርልስ ማርቲን አሉት፤ ሐኪም ሆነው ነው አገራቸውን መልሰው ያገኙት። በ1935 ለንደን ላይ አገራቸውን ሲወክሉ ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋቸዋል። እሳቸው ዘንድ የቀረበው ደግሞ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ሥርዓት ያደገ፣ ክሪኬት በጋዜጣ እየዘገበ የሚተዳደር የ34 ዓመት ትሪኒዳዳዊ ነው። አዳምጠውት፣ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ከጓደኞችህ ጋር እዚህ የጀመርከው ሥራ ነው ብለው መለሱት። ጸሐፊው ይህን «የትሕትና እምቢታ» ይሉታል። ይሁን፣ ትሕትናም ሊሆን ይችላል። ግን እምቢታ የሚኖረው ጥያቄ ሲኖር ነው፤ ጥያቄው ከነበረ ደግሞ የመጀመሪያው ክስ እዚህ ላይ ያበቃል።

ወደ ሞስኮው እንሂድ።

ጄምስ ትሮትስኪስት ነበር፤ ማለትም ስታሊን ከአገር ያባረረው የትሮትስኪ ተከታይ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ትሮትስኪስት የሆነን ሰው የሞስኮ ተላላኪ ማለት፣ ያንን ዘመን በወሬ ደረጃ እንኳ ለሚያውቅ ሰው የሚያስቅ ነገር ነው። ሞስኮ ትሮትስኪስቶችን ፍርድ ቤት እያቀረበች በምትረሽንበት በ1937 ጄምስ በሞስኮ የሚመራውን የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር (ኮሚንተርንን) ከመሠረቱ የሚነቅፍ ወፍራም መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። በ1939 ደግሞ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ ከትሮትስኪ ጋር ተቀምጦ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ትግል ተከራከረ። ይህ ሁሉ ጸሐፊው ዘንድ አንዲት መስመር አላገኘም።

የጄምስን ጓደኛ ጆርጅ ፓድሞርን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዘዋል። የኮሚንተርን ሰው ነበር፤ ያውም ተራ አባል አይደለም። ለጥቁር ሠራተኞች የተቋቋመውን ክፍል ይመራ ነበር፣ ልሳኑንም ሃምቡርግ ሆኖ ያዘጋጅ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አስረው ወደ እንግሊዝ አባረሩት። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ጄምስ በዚያ ዘመን ፓድሞር የሚባል ታላቅ አብዮተኛ ለንደን ላይ ይናገራል ሲባል ሊያዳምጥ ሄዶ፣ መድረኩ ላይ የወጣው በልጅነቱ አሪማ ወንዝ አብሮት ይዋኝ የነበረው ማልኮም ነርስ ሆኖ አገኘው። ስሙን ለትግሉ ሲል ነው የለወጠው። ለካ ሁለቱም አንዱ ያለበትን ሌላው ሳያውቅ ነው ግራ ዘመም የሆኑት።

የቀረው ግማሽ ታሪክ ግን ጸሐፊው የዘለሉት ነው። ሂትለር ሲነሳ ሞስኮ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ እጇን መዘርጋት ጀመረች፤ ለዚያ ሲባል በእነሱ ቅኝ ግዛት ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ እንዲለዝብ ተፈለገ። ፓድሞር አፍሪካን የያዙት እኮ እንግሊዝና ፈረንሳይ ናቸው፣ ጀርመን አፍሪካ ውስጥ ምን ቅኝ ግዛት አላትና ነው ብሎ አሻፈረኝ አለ። በ1934 ተባረረ። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ፓድሞር ከሞስኮ ጋር ከተቆራረጠ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ቁጣውን አባሰው። ሶቭየት ኅብረት ጄኔቭ ላይ ለኢትዮጵያ ትናገራለች፣ ለሙሶሊኒ ነዳጅ መሸጧን ግን አላቋረጠችም። የመንግሥታቱ ማኅበር ያወጣው ማዕቀብም ነዳጅን አልነካም፤ ነዳጅ ሻጮቹ ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ይህን ለዓለም ጥቁር አንባቢ ሳይታክቱ ከነገሩት አንዱ ፓድሞር ነው። ተላላኪ እንዲህ አይደለም።

ሌላውን ጓደኛቸውን ራስ ቲ. ማኮነንን ጸሐፊው «ሐሰተኛው ራስ» ብለው በአንድ መስመር ያባርሩታል። ከብሪቲሽ ጊያና የመጣ፣ ግሪፊዝ ይባል የነበረ፣ በወረራው ጊዜ ይህን ስም ያወጣ ሰው ነው። አያቴ ኢትዮጵያዊ ነበር የሚለውን እመኑለት አልልም፤ ማዕረጉንም ማንም አልሰጠውም። ግን ማኮነን ማርክሲስት እንኳ አልነበረም። ኮሚኒስቶቹን ሲያማ የኖረ፣ ገንዘብ መያዝና ምግብ ቤት ማስተዳደር የሚችል ሰው ነበር። ከሞስኮ ትእዛዝ ተቀባዮች መካከል የተደመረው በምን ሒሳብ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስረዱን መልካም ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሞስኮን የተከተሉ ጥቁር ግራ ዘመሞችም ነበሩ፤ በተለይ አሜሪካ። ጸሐፊው ክሳቸውን ማስረዳት ቢፈልጉ መሄድ የነበረባቸው ወደ ቺካጎ ነው። ኦገስት 31 ቀን 1935 ኮሚኒስቶቹ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ሲጠሩ የከተማው አስተዳደር ከለከለ፤ ሰልፈኛው ከለከሉኝ ብሎ አልቀረም። መንገዱን ፖሊስ ሲዘጋው ተናጋሪዎቹ ጣሪያ ላይ እየወጡ መናገር ያዙ፤ አንዱን ሲያወርዱት ሌላው ማዶ ካለው ጣሪያ ይቀጥላል። ከጣሪያ ላይ ተይዘው ከወረዱት አንዱ ኦሊቨር ሎው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የአሜሪካኖቹን የሊንከን ሻለቃ እየመራ ሞተ፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበትን የአሜሪካውያን ጦር ያዘዘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ወደ ስፔን ከዘመቱት ወደ 90 ከሚጠጉት ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ ልባቸው ቀድሞ ኢትዮጵያ ላይ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ ጦር መዝመት በሕግ ያስቀጣል ብሎ አስጠነቀቀ፣ መንገዱም ዝግ ሆነ፤ ፍራንኮን ሊረዳ የመጣውን የሙሶሊኒን ወታደር ስፔን ላይ አገኙት። ትሪኒዳድ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ክላውዲያ ጆንስም እንዲሁ። ሃርለም የመንገድ ጥግ ላይ ኮሚኒስቶቹ ስለ ኢትዮጵያ ሲናገሩ ሰምታ ነው በ1936 የወጣቶች ክንፋቸውን የተቀላቀለችው፤ በኋላ ለዚህ እምነቷ ታስራ ከአሜሪካ ተባራለች።

ታዲያ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። አንድ የኢትዮጵያ ጉዳይ ክላውዲያን ወደ ፓርቲው አስገባት፣ የወጣውን ፓድሞርን ደግሞ ዳግም እንዳይመለስ አደረገው። እነዚህ ሰዎች ግራ ዘመሞቹን የሚመዝኑት በኢትዮጵያ ነበር እንጂ ኢትዮጵያን በግራ ዘመሞቹ አልነበረም።

የነጮቹ ሶሻሊስቶች ዘዋሪነት የሚባለው ክስ ደግሞ ከሁሉም የሚገርመኝ ነው፤ የሆነው በትክክል ተቃራኒው ስለሆነ። ጄምስ አባል የነበረበት ኢንዲፔንደንት ሌበር ፓርቲ በወረራው ላይ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን፣ የመንግሥታቱን ማኅበር ትተን ሠራተኛው ራሱ ማዕቀብ ይጣል፣ የወደብ ሠራተኛ ለጣሊያን የሚሄድ ዕቃ አልጭንም ይበል ባይ ነው። ጄምስ እዚህ ወገን ነው። ሌላው የእነ ማክስተን፣ የፓርላማ አባላቱ ወገን ነው። የእነሱ አነጋገር ኢትዮጵያዊ ጆሮ ሲሰማው ያማል፤ ይህ የሁለት አምባገነኖች ጠብ ነው፣ ሙሶሊኒም ኃይለ ሥላሴም አምባገነን ናቸው፣ ሠራተኛው ምን አገባው አሉ። ለማክስተን ፍትሕ ልስጠውና፣ ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። ጦርነት የሚጠላ ሰው ነበር፤ ማዕቀቡ እንግሊዝን ወደ ጦርነት ይጎትታል፣ ድሃው ልጅ በቅኝ ገዢዎች ጥቅም ይሞታል ብሎ ነው የሰጋው። ግን ወራሪና ተወራሪን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ገለልተኛ ነኝ ማለት የትኛውን እንደሚጠቅም እኛ እናውቀዋለን።

በ1936 ፋሲካ ኪትሊ ከተማ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ። ጄምስ ተነስቶ እንደ ጥቁር ሰው፣ ለጥቁር ሕዝብ ድረሱለት ብሎ ተናገረ፤ ጉባኤውም በጠባብ ልዩነት ከእሱ ወገን ሆነ። ማክስተንና የፓርላማ ጓደኞቹ ይህን ውሳኔ ተሸክመን አንሄድም አሉ። ጉባኤው ደነገጠ፤ ታዋቂ መሪዎቹን ከማጣት ውሳኔውን ለአባላት ድምፅ ልኮ እንደገና ማስቆጠር መረጠ፤ በዚያ ዙር መሪዎቹ አሸነፉ። ጄምስ በዚያው ዓመት ፓርቲውን ትቶ ወጣ። ጸሐፊው ነጮቹ ዘወሩት የሚሉት ሰው፣ ነጮቹን በገዛ ጉባኤያቸው ረትቷቸው፣ ዳኝነቱ ሲገለበጥበት ጥሏቸው የሄደ ሰው ነው።

ከዚያም በላይ ጥቁሮቹ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ በ1935 የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የአፍሪካውያን የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር። ሊቀ መንበሩ ጄምስ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ጆሞ ኬንያታ፣ ገንዘብ ያዧ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይ ናት። የሚሰበሰቡት ኒው ኦክስፎርድ መንገድ ላይ በነበረው የኤሚ ምግብ ቤት ነው። ከእንግሊዝ ቅቅል ያመለጠ የካሪቢያን ሰው የአገሩን ወጥ የሚያገኝበት ቤት ነበርና ስብሰባው ሰው አያጣም። በኦገስት ወር ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ሰልፍ አስወጡ። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ዘዋሪ ነጭ ፈልጌ አላገኘሁም።

ግራ ዘመሞቹ ጃንሆይን ለመጥላታቸው ጸሐፊው ያቀረቡት ዋና ማስረጃ የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ጽሑፎች ናቸው። ጋርቬይ ንጉሡን ፈሪ ብሎ መጻፉ እውነት ነው። ግራ ዘመም ግን አልነበረም፤ ኮሚኒስቶችን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ሃይድ ፓርክ ላይ ሲናገር እየጮኹ ያቋርጡት የነበሩት ደግሞ እነማን ናቸው? ጄምስና ፓድሞር። ይህ ነጥብ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ጄምስ የዘውድ ወዳጅ አለመሆኑን ግን አልክድም። ለአንድ አገር ነጻነት ለመቆም የአገሩን ገዥ መውደድ ግዴታ ነው ብሎ አያምንም ነበር። ዋተርሉ ጣቢያ ጃንሆይን ሊቀበሉ የተሰለፉት ግን የእሱው ማኅበር ሰዎች ናቸው። ይህ ለጸሐፊው የማይጣጣም ሆኖ ታያቸው፤ ለእኔ ይጣጣማል። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትስ? ንጉሡ አገር ጥለው መሄዳቸውን የተቃወሙ፣ ከዚያም በረሃ ገብተው ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛ አልነበሩም እንዴ? ንጉሥ የነቀፈ ሁሉ አገር ጠላ ከተባለ የአርበኞቻችንም መዝገብ ይሳሳል።

የክሱ ሥር ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። እኛ ግራ ዘመም ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየመንገዱ የተጣለው ሬሳ ነው። ቁስሉ አልጠገገም፤ ጸሐፊውም በዚያ ቁስል ውስጥ ሆነው እንደጻፉ ከመስመሮቻቸው መካከል ይነበባል፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ቀይ ሽብርን ወደ ኋላ አርባ ዓመት ጎትቶ ኒው ኦክስፎርድ መንገድ ላይ ወጥ እየበሉ ለኢትዮጵያ ሳንቲም የሚያዋጡ ሰዎች ላይ መጫን ግፍ ነው።

ያተረፉልን የለም ለሚለው፣ ጦርነቱን አላስቆሙም፤ ልክ ነው። መርከብም አላስቆሙም። የወዳጆች ማኅበሩ ግን ሲፈርስ ሰዎቹ አልተበተኑም። በ1937 ያንኑ ቡድን ይዘው የአፍሪካ አገልግሎት ቢሮ የሚባለውን አቋቋሙ፤ ከዚያ የወጣው መስመር ነው በኦክቶበር 1945 ማንቸስተር ላይ አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ የሆነው። ለጉባኤው ገንዘቡን ያወጣው ማን ሆነና? ያ «ሐሰተኛው ራስ»። በጦርነቱ ዘመን ማንቸስተር ኦክስፎርድ ሮድ ላይ ምግብ ቤቶችና ሻይ ቤት ከፍቶ ነበር፤ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ሌላው ቤት ፊት ሲነሳቸው እሱ ዘንድ ይበሉ ነበር፤ በዚያ ገቢ ነው እነ ንክሩማ፣ ኬንያታና ዱ ቦይስ የተቀመጡበት ጉባኤ የተደገሰው። ንክሩማ ራሱ የ1935ቱን ቀን ጽፎታል፤ ወደ አሜሪካ ሲያልፍ ለንደን ላይ የወረራውን ዜና በጋዜጣ ሻጭ ሰሌዳ አንብቦ፣ ከተማው በሙሉ በእሱ ላይ ጦርነት ያወጀ መሰለው። ያ ሰው በ1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዳራሹ ውስጥ ነበር። ጸሐፊው ትርፍ የሚሉት የዓመቱን ብቻ ከሆነ ባዶ ነው፤ የሠላሳ ዓመቱን ከቆጠሩ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ጸሐፊው መልስ እንደሚሰጡ ተስፋ አለኝ። ሲሰጡ የጄምስን የሽምግልና ቃለ መጠይቆች ትተው በ1936ቱ የኒው ሊደር ደብዳቤ ላይ ይነጋገሩ፤ ጋዜጣው ለንደን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ሐኪም ወርቅነህ «እንዲህ ያለ ሰው እኔ ዘንድ አልመጣም» ያሉበት ወረቀት ካላቸውም ያውጡት፤ የመጀመሪያውን ክስ እኔው ራሴ እቀበላለሁ።